ቆጣሪ ያለው፣ ዳኛ የሌለው መብት፦ የሐረር ውሃ እንደ ሰብአዊ መብት ጉዳይ

ሐረር ትልቁን የውሃ መስመሯን ያገኘችው ከእሷ በታች ካለ ቆላ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ውሃው የሚሳበው ደግሞ ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ፣ ከሐሰሊሶ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። ውሃው በፓምፕ እየተገፋ የደንገጎን ዳገት ይወጣል፤ አዴሌን፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ ሐረር ይደርሳል። ሐረማያ ከሐረርም ከፍ ብላ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ውሃው ወደ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ከተገፋ በኋላ ነው ቁልቁለት የሚያገኘው። ደንገጎ ላይ የጭነት መኪና ሞተር እያቃሰተ ሲወጣ የሰማ ሰው፣ ውሃን እዚያ ለማድረስ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚፈጅ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። መብራት ሲጠፋ ውሃም ይጠፋል። አንድ ፓምፕ ሲቃጠል የከተማው ግማሽ ጀሪካን ይዞ ይወጣል።

ሰብአዊ መብት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን እስር ቤት፣ ድብደባ፣ የታፈነ ጋዜጣ ነው። እነዚህ ቀላል ጉዳዮች አይደሉም። እኔ ግን የሐረርን ውሃ የመረጥሁት የመብት ንግግር ከወረቀት ወደ ቤት ሲወርድ የት ላይ እንደሚንጠባጠብ ከማንኛውም ጉዳይ በላይ ስለሚያሳይ ነው። አቋሜን ከመነሻው ልናገር፦ የሐረር ችግር የውሃ እጥረት መሆኑ አይካድም፤ የመብት ጥሰት የሚያደርገው ግን እጥረቱ አይደለም። ያለችው ጥቂት ውሃ እንዴት እንደምትከፋፈል ጠይቆ መልስ የሚገኝበት ቦታ አለመኖሩ ነው።

በወረቀት ላይ ያለው

ኢትዮጵያ በ1941 ዓ.ም. ታኅሣሥ 1 ቀን ፓሪስ ላይ የሰብአዊ መብቶችን ሁሉን አቀፍ መግለጫ በድምፃቸው ካጸደቁት 48 አገሮች አንዷ ነበረች። የመግለጫው አንቀጽ 25 ለተገቢ ኑሮ የሚያስፈልጉትን ሲዘረዝር ምግብ፣ ልብስ፣ ቤት፣ ሕክምና ይላል፤ ውሃን በስሙ አይጠራም። ሰነዱን ያረቀቁት ሰዎች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈው የሚያውቁ አይመስለኝም። ክፍተቱ የተሞላው ብዙ ቆይቶ ነው። ኢትዮጵያ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳንን በ1985 ዓ.ም. ተቀበለች፤ የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የመንግሥታቱ ድርጅት ኮሚቴ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ባወጣው 15ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ፣ የተገቢ ኑሮና የጤና መብት በውስጣቸው የውሃን መብት እንደያዙ አስረዳ። በመጨረሻ ሐምሌ 21 ቀን 2002 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ንጹሕ የመጠጥ ውሃና የአካባቢ ንጽሕና ሰብአዊ መብት መሆኑን በውሳኔ አጸደቀ። 122 አገሮች ደገፉ፣ የተቃወመ አልነበረም፣ 41 አገሮች ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከተአቅቦዎቹ መካከል ኢትዮጵያ ነበረች፤ ኬንያና ታንዛኒያ፣ ብሪታንያና አሜሪካም እንዲሁ።

ይህን ተአቅቦ እያነሱ መንግሥትን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ብዙ የሚያስኬድ አይመስለኝም። የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ በራሱ አስገዳጅ አይደለም፤ አስገዳጁ ቃል ኪዳኑ ነው፤ ኢትዮጵያ ቃል ኪዳኑን የተቀበለችው ከውሳኔው 17 ዓመት ቀድማ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል፤ በአንቀጽ 13 ደግሞ የመብት ምዕራፉ ከእነዚህ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎም ያዝዛል። ስለዚህ ሐረር ላይ ያለች እናት ኒውዮርክ ላይ የተነሣ ወይም ያልተነሣ እጅ አያስፈልጋትም።

የሚያስፈልጋት የሕገ መንግሥቱ ሁለት አንቀጾች ናቸው። አንደኛው አንቀጽ 90 ነው። የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ሁሉም ኢትዮጵያዊ ትምህርት፣ ጤና፣ ንጹሕ ውሃ፣ መኖሪያ፣ ምግብና ማኅበራዊ ዋስትና እንዲኖረው ይደረጋል ይላል። የተቀመጠው ግን በመብቶች ምዕራፍ ሳይሆን በፖሊሲ ዓላማዎች ምዕራፍ ውስጥ ነው፤ «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግም ለሚፈልገው ባለሥልጣን ሰፊ በር ነው። ሁለተኛው ብዙም የማይጠቀስ ነው፤ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3። በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ሁሉ ኢትዮጵያውያን በእኩልነት የመጠቀም መብት አላቸው ይላል። ይህኛው በመብቶች ምዕራፍ ውስጥ ነው ያለው። አቅምን የሚጠቅስ ቃልም የለበትም። ጥቂት ውሃ ላለው ከተማ ዋናው አንቀጽ ይህ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሐይቁ

ሐረር የሐሰሊሶን ውሃ ፍለጋ ወደ ቆላ የወረደችው ወድዳ አይደለም። ለአሥርት ዓመታት ከተማዋ የምትጠጣው ከጎረቤቷ ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። ጀልባ ይንሳፈፍበት የነበረው ቦታ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሁሉ ነገሩ በዓይኑ ፊት ሲሆን አይቷል፤ በድብቅ የተፈጸመ ነገር አልነበረም።

ምክንያቶቹ ተጠንተዋል፤ አንድ ብቻም አይደሉም። ዙሪያው ያለው ተራራ ደኑን አጥቶ አፈሩ ወደ ሐይቁ ታጥቦ ገባ፤ ጥልቀቱ ቀነሰ። ከተማው በቧንቧ ሳበ። ገበሬው ደግሞ በሞተር ፓምፕ ሳበ፤ ጫትና አትክልት ለማጠጣት። አወዳይ የጫት ገበያ በሆነበት፣ ቅጠሉ በየዕለቱ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌ ምድር በሚጫንበት አገር፣ አንድ ገበሬ ውሃው በአጠገቡ ሆኖ ማሳው ይድረቅ ማለት ልጁ ይራብ ማለት ነው። ሐረር ውስጥ ጥፋቱን በገበሬው ላይ ብቻ የሚጥል ሰው ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ። እኛም እኮ ከዚያው ሐይቅ ስንጠጣ ኖረናል፤ ጫቱንም በምርቃና ስንቅመው የኖርነው እኛው ነን።

የመብት ጥያቄው ያለው ሌላ ቦታ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላ ጥቅም ሁሉ ቅድሚያ እንዳለው ደንግጓል። ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፤ በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ መቅዳትንና ባህላዊ መስኖን ግን ነጻ ያደርጋል። የሐረማያው ገበሬ የሞተር ፓምፕ ከዚህ መካከል ነው የወደቀው። ባህላዊ መስኖ ነው እንዳይባል ሞተር አለው፤ ትልቅ ፕሮጀክት ነው እንዳይባል የአንድ ቤተሰብ ማሳ ነው የሚያጠጣ። ሐይቁ የደረቀው አዋጁ በሥራ ላይ እያለ ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ የከተማውም የገጠሩም፣ የውሃ ምንጩን ሲያጣ ጉዳዩ ከሳሽና ተከሳሽ ያለው ክርክር ሆኖ አልተሰማም፤ ማን ምን ያህል ይቅዳ የሚለውን ሁለቱን ወገን አስቀምጦ የዳኘም አልነበረም። ሐይቁ ሲሞት እንደ ድርቅ፣ እንደ እግዜር ሥራ ተቆጥሮ ታለፈ።

ከዚያ በኋላ ነው በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ የሐሰሊሶ መስመር የተዘረጋው። በመንገዱ ላይ ያሉት ከተሞችም ከመስመሩ እንዲጠጡ ታስቦ ነበር፤ ይህም ትክክል ነው፤ በደጅህ የሚያልፍ ቧንቧ ውስጥ የሚንኳኳውን ውሃ እየሰማህ ጥም መቻል የሚጠየቅ ነገር አይደለም። እንደ ምሕንድስና ሥራ መስመሩ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ሐረርን ሦስት ነገሮች ላይ ጥገኛ አደረጋት፤ በኤሌክትሪክ፣ በፓምፕ መለዋወጫና በጎረቤት ፈቃድ። ሦስቱም በከተማዋ እጅ አይደሉም።

ፈረቃ

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የሐረር ከተማ ነዋሪ 99 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጨምሯል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መንግሥት ራሱ ያስቀመጠው መለኪያ፣ ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ነዋሪ ባለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 80 ሊትር ነበር። ስድስት ሰው ላለበት ቤት 480 ሊትር፣ ማለትም 24 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ይህን ቁጥር ሐረር ላይ ለጎረቤት ብትነግሩት ይስቃል።

ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው። ፈረቃ ማለት ሰፈር በየተራ የሚያገኝበት ቀን ማለት ነው፤ ተራው በሰላሙ ጊዜ ቶሎ ይደርሳል፣ ፓምፕ ሲበላሽ ወይም መብራት ሲያስቸግር ይረዝማል። ብዙው ሰው ተራውን የሚያውቀው ከጎረቤት ወሬና ከቧንቧው ድምፅ ነው። በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ፣ ሌሊት የተከፈተ ቧንቧ መጀመሪያ የሚተፋው አየር ነው፤ ያፏጫል፣ ያስላል፣ ቀጥሎ ቡናማ ውሃ ይረጫል፣ ከዚያ ይጠራል። ፉጨቱን የሰማች ሴት ትነሣለች፤ ልጆቿንም ትቀሰቅሳለች። በርሜሉ፣ ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ ድስቱ ሳይቀር ይደረደራል። በዚያ ሌሊት ያልነቃ እስከሚቀጥለው ተራ ገዢ ነው።

አየሩ ራሱ የመብት ጥያቄ አለው። በባዶ መስመር ውስጥ የታጨቀ አየር በውሃ ሲገፋ የቆጣሪውን ምላስ ያዞራል፤ ቆጣሪው አየርና ውሃ አይለይም። በየሰፈሩ «አየር አስከፈሉን» የሚባለው ቀልድ አይደለም፤ በፈረቃ የሚሠራ መስመር ባለበት ከተማ ሁሉ የሚታወቅ የቴክኒክ ችግር ነው፤ አየር ማስወጫ በየቦታው በመግጠም ይቀንሳል። በተደጋጋሚ የሚቋረጥበት ሰፈር በተደጋጋሚ አየር ይከፍላል። የከፋ አገልግሎት ያገኘው የባሰ ሒሳብ ይመጣበታል ማለት ነው።

በአንድ ከተማ፣ በአንድ ፈረቃ ውስጥ ያለውን ልዩነት ለማየት ሮቶውን መቁጠር ይበቃል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ከጣሪያው ላይ የሰቀለ የስድስት ሰው ቤተሰብ፣ በነፍስ ወከፍ በቀን 20 ሊትር ብቻ ቢጠቀም ስምንት ቀን ይቆያል። 20 ሊትር የዓለም የጤና ድርጅት ከዚያ ከወረደ የጤና አደጋው ከፍተኛ ነው የሚለው ወለል ነው። አሥር ጀሪካን ብቻ ያለው ተመሳሳይ ቤተሰብ ደግሞ ያጠራቀመው 200 ሊትር ሁለት ቀን አይሞላም። ፈረቃው በሳምንት አንድ ቀን ከሆነ የመጀመሪያው ቤት ውሃ ያለው ቤት ነው፤ ሁለተኛው ውሃ የሌለው ቤት ነው። ሁለቱም በመዝገብ ላይ «የቧንቧ ውሃ ተጠቃሚ» ተብለው ይቆጠራሉ። ስለ ሽፋን የሚነገሩ መቶኛዎችን ስሰማ እነዚህ ሁለት ጣሪያዎች ናቸው የሚታዩኝ።

ሁለተኛው ቤት ይገዛል። የጀጎል ጠባብ መተላለፊያዎች ቦቴ አያስገቡም፤ የሚያስገቡት አህያ ነው። ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው በሱቁጣጥ በሪ አካባቢ በአንድ ጠዋት የሰማሁት ንግግር ይህን ይመስላል።

«አንተ ልጅ፣ ከየት የቀዳኸው ነው?»

«የቧንቧ ነው እትዬ።»

«የማን ቧንቧ?»

«የሰው ግቢ ነው፤ ሮቶ አላቸው። የጉድጓድ አይደለም፤ ማርያምን።»

ሴትዮዋ ክዳኑን ከፍታ በመዳፏ ትንሽ አፈሰሰች፤ አሸተተችው፤ በከንፈሯ ነካ አደረገችው። ከዚያ ሦስቱን አውርድልኝ፣ ይህችኛዋን ተዋት አለችው። አራተኛው ጀሪካን ቀደም ሲል ዘይት የነበረበት ነው፤ ሽታው አለቀቀውም። በዚያ አገር የውሃ ጥራት ተቆጣጣሪ የእርሷ መዳፍ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ቀላል ስሌት አለ። አንድ ሜትር ኩብ ማለት 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። አንባቢ የሚገዛበትን የአንድ ጀሪካን ዋጋ በ50 አባዝቶ ከውሃ ክፍያ ወረቀቱ ላይ ካለው የአንድ ሜትር ኩብ ታሪፍ ጋር ያስተያየው። ውጤቱ የትም ከተማ አንድ ነው፤ ድሀው በሊትር የሚከፍለው ከባለ ሮቶው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ያውም ባለ ሮቶው በመንግሥት ድጎማ ከቀዳው ውሃ ላይ።

ከዚህ ውጪ ያለውን አሳጥሬ ልለፈው፤ የሚታወቅ ነው። ለውሃ የሚነቁት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ሰማንያ የሚያህሉ መስጊዶች ባሉበት በጀጎል ለውዱእ ውሃ ያስፈልጋል። ለቅሶም ሠርግም በአፎቻ፣ እንደ ዕድር ባለው የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር፣ በሚሠራበት አገር ደግሞ ድንገት መቶ እንግዳ የሚያስተናግድ ቤት፣ ያ ቀን የሰፈሩ ፈረቃ ካልሆነ፣ መጀመሪያ የሚበደረው ገንዘብ ሳይሆን ውሃ ነው።

ለማን ይጮኻል?

እንግዲህ አንዲት የጀጎል ነዋሪ «ሰፈራችን ተራው ሦስት ጊዜ ተዘለለ፤ ማዶ ያለው ሰፈር ግን አላመለጠውም» ብላ ተነሣች እንበል። የት ትሄዳለች?

ቀበሌ ብትሄድ ቀበሌው ውሃ አይለቅም። የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ብትሄድ ከሦስቱ መልሶች አንዱን ትሰማለች፦ መብራት ጠፍቶ ነው፣ ፓምፕ ተበላሽቶ ነው፣ ከላይ አልተለቀቀም። ሦስቱም ብዙ ጊዜ እውነት ናቸው። ችግሩ ሦስቱም ስለ መጠን እንጂ ስለ ክፍፍል አለመሆናቸው ነው። የጠየቀችው «ለምን አነሰ» ብላ አልነበረም፤ «ለምን እኛ ጋ ብቻ» ነው።

ወደ ላይ ስትወጣ ጉዳዩ ይበተናል። ጉድጓዱ በድሬዳዋ በኩል ባለው ቆላ ነው፤ ቧንቧው የሚያቋርጠው የኦሮሚያን ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ነው፤ ውሃ የተጠማው የሐረሪ ክልል ነዋሪ ነው፤ ኤሌክትሪኩ የፌዴራል ድርጅት ነው። ፖለቲካው ሲሻክር መስመሩ መያዣ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. መባቻ ሐረር ለረጅም ጊዜ ውሃ ያጣችበትና ቆሻሻዋም ሳይነሣ የተከመረበት ወቅት ነበር፤ የዚያን ጊዜው ነገር፣ መገናኛ ብዙኃን እንደዘገቡት፣ ከቧንቧ ብልሽት ይልቅ በአካባቢው የተነሣው ውዝግብ ያመጣው ነበር። መስመሩ በደጃቸው የሚያልፍ የገጠር ወጣቶች «ከመሬታችን ለሚሄደው ውሃ እኛ ምን አገኘን» ብለው መጠየቃቸው ራሱ የመብት ጥያቄ ነው፤ ይሁንና የመቶ ሺህ ሰው ጉሮሮ ዘግቶ የሚጠየቅ አይደለም። ያኔም ቢሆን ሁለቱን ጥያቄዎች አብሮ የሚሰማ አካል ጠፍቶ ነው ነገሩ ወደ ጉልበት የሄደው።

ፍርድ ቤትስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ማንም ሰው ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል። ጠበቆችን ስታነጋግሩ የሚፈሩት «በፍርድ ሊወሰን የሚገባው» የሚለውን ነው፤ ዳኛው አንቀጽ 90ን አይቶ «ይህ ፖሊሲ ነው፣ አቅም ሲፈቅድ» ብሎ መዝገቡን ይዘጋዋል የሚል ስጋት። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ግን አንቀጽ 90ን ይዞ መሄድ ማን አስገደደ? ደቡብ አፍሪካ ላይ የሶዌቶ ነዋሪዎች በነጻ የሚሰጠው ውሃ በሰው በቀን 25 ሊትር መሆኑን ተቃውመው ከጆሃንስበርግ ከተማ ጋር እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ተከራክረው ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ሊትር መወሰን የዳኛ ሥራ አይደለም አለ፤ ነዋሪዎቹ ተረቱ። ነገር ግን መንግሥት የመረጠው መንገድ ምክንያታዊ መሆኑን እንዲያስረዳ መጠየቅ የፍርድ ቤት ሥራ መሆኑን አልካደም። የሐረሯ ሴትም ሊትር አልጠየቀችም። አንቀጽ 41 ንዑስ 3ን ይዛ «ያለውን እንዴት እንደከፈላችሁት አስረዱኝ» ነው ያለችው። ይህን ለመመለስ ሐይቅ መሙላት አያስፈልግም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

የኮሚቴው 15ኛ ማብራሪያም የሚለው ይኸው ነው። መጠኑ በሂደት ሊሟላ ይችላል፤ ያለውን አገልግሎት በፍትሐዊነት ማከፋፈልና አድልዎ አለማድረግ ግን ዛሬውኑ የሚጠየቁ ግዴታዎች ናቸው። አገልግሎት ከመቋረጡ በፊት ማስታወቅና አቤቱታ የሚሰማበትን መንገድ ማበጀትም አብሮ ይጠየቃል። «አቅም የለንም» የሚለው መልስ ለመጀመሪያው ጥያቄ ይሠራል፤ ለሁለተኛው አይሠራም።

ዓለም አቀፍ መንገዱ ረጅም ነው። ኢትዮጵያ የቃል ኪዳኑን የግለሰብ አቤቱታ ፕሮቶኮል ስላልተቀበለች ጄኔቭ ያለው ኮሚቴ የአንዲትን ሴት አቤቱታ መስማት አይችልም። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ግን አለ፤ ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. አጽድቃዋለች። የቻርተሩን አፈጻጸም የሚከታተለው፣ ባንጁል የሚቀመጠው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1995 በዛየር (በዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) ላይ በቀረበ አቤቱታ፣ መንግሥት እንደ ንጹሕ ውሃና ኤሌክትሪክ ያሉ መሠረታዊ አገልግሎቶችን አለማቅረቡ የጤና መብት ጥሰት ነው ብሎ ወስኗል። ወደዚያ ለመድረስ ግን የአገር ውስጡን በር ሁሉ አንኳኩቶ መጨረስ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ይንኳኳ ማለት ነው።

ሊሰማ የሚገባው ተቃውሞ

ይህን ሐሳብ ለአንድ የውሃ መሐንዲስ ሳነሣለት በትዕግሥት ሰማኝና መልሱ እንዲህ ሆነ፦ ሐረር ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ግፊቱ ሲቀንስ ቁልቁል ያለው ሰፈር ይጠጣል፣ ከላይ ያለው ይቀራል። ይህን ያደረገው የመሬቱ አቀማመጥ እንጂ አድልዎ አይደለም። ፈረቃውን በወረቀት ብናወጣው ደግሞ ማታ መብራት ይጠፋል፣ ጠዋት ሰው ሰነዱን ይዞ «ዋሻችሁን» ብሎ ይመጣል።

የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። የላይኛው ሰፈር መቅረቱ በራሱ አድልዎ አይደለም፤ የላይኛው ሰፈር ሁልጊዜ እንደሚቀር እየታወቀ ለእሱ ቦቴ አለመመደብ፣ ቦኖ አለማቆም፣ ተራውን አለማርዘም ነው አድልዎ የሚሆነው። ያልታሰበ ጉዳት እንኳ ሲደጋገም የታወቀ ጉዳት ይሆናል። ሁለተኛውን አልቀበልም። «ዋሻችሁን» ብሎ የሚመጣ ሰው የመሐንዲሱ ጠላት አይደለም፤ ፓምፑ ስንት ጊዜ እንደቆመ፣ መብራት ስንት ሰዓት እንደጠፋ በጽሑፍ ለማስመዝገብ የመጣ ምስክሩ ነው። መሥሪያ ቤቱ የመለዋወጫ በጀት ሲጠይቅ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም። አሁን ግን ነዋሪው ጎረቤቱን ይጠረጥራል፤ ከቧንቧው ላይ በቀጥታ በሞተር የሚስበውን ይሰድባል፤ ሞተር ያለውም መልሶ «ምን ላድርግ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» ይላል። ሐረማያ ሐይቅ ዳር በትልቁ የሆነው ነገር በየግቢው በትንሹ ይደገማል፤ ሁሉም ቀድሞ የደረሰውን ይስባል፤ የሚዳኝ የለም።

ሐይቁ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ይዟል። ዝናቡም ረድቶ፣ የተራሮቹ ጥበቃም አግዞ፣ የሞተ የተባለው ሐረማያ እንደገና ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከመንገድ ዳር ቆሞ ፎቶ የማይነሣ የለም። እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን በ1992 የወጣው አዋጅ ያው ነው፤ ከሐይቁ ዳር ያለው ማሳም፣ ጫቱም፣ የከተማው ጥምም ያው ነው። ማን ስንት ይቅዳ የሚለው ጥያቄ ሐይቁ ሳይኖር ለዓመታት ያለ ሥራ ተቀምጦ አሁን ከውሃው ጋር ተመልሷል።

ሊደረግ የሚችለው

የኢትዮጵያ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም የተቋቋሙት በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ከውሃ አዋጁ ጋር በአንድ ዓመት፣ በአዋጅ ቁጥር 210 እና 211። ሁለቱም አቤቱታ ይቀበላሉ፣ ይመረምራሉ፣ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባሉ፤ አስገድደው አይፈርዱም። እንዲህ ላለ ጉዳይ ግን ከፍርድ ቤት ይልቅ እነሱ ይሻላሉ ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ፌዴራል ናቸው፤ ድሬዳዋንም፣ ኦሮሚያንም፣ ሐረሪንም፣ የኤሌክትሪክ ድርጅቱንም በአንድ ደብዳቤ መጠየቅ ይችላሉ። የሐረር ፍርድ ቤት ይህን አይችልም።

ማመልከቻው ረጅም መሆን የለበትም። የሰፈሩ አፎቻ ወይም ዕድር በስሙ ቢያቀርበው ከአንድ ሰው ይልቅ ይከብዳል፤ አባላቱን መዝግቦ፣ ገንዘብ ሰብስቦ፣ ተራ አስጠብቆ መሥራት ድሮም ያውቅበታል። የሚያስፈልገው ማስረጃ ሰው ሁሉ ቤቱ ያለው ነው፦ ውሃ የመጣበትና የቀረበት ቀን በደብተር የተጻፈበት፣ የወሩ የክፍያ ወረቀት፣ ከአህያ የተገዛው ጀሪካን ብዛት። ጥያቄውም ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፦ የየሰፈሩ ፈረቃ በጽሑፍ ይውጣ፤ ተራው ያለፈበት ሰፈር በምን እንደሚካስ ይታወቅ፤ በአየር የዞረ ቆጣሪ ሒሳብ እንዴት እንደሚታረም ይነገረን። ውሃ ጨምሩልን የሚለውን ለጊዜው አይጻፍ፤ እሱ ከተጻፈ መልሱ የሚታወቅ ነው፤ ሌሎቹን ሦስቱንም ይዞ ይሄዳል። አድራሻው ለኮሚሽኑ ወይም ለእንባ ጠባቂ ተቋሙ ሆኖ፣ ግልባጭ ለውሃ አገልግሎቱ፣ ለክልሉ ምክር ቤት፣ ለድሬዳዋ አስተዳደርና ለምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ይደረግ፤ የገቢ ደብዳቤ ቁጥርና ማኅተም ያለበት አንድ ቅጂ ደግሞ በአፎቻው መዝገብ ውስጥ ይቀመጥ።